ጸጥታው በስማችሁ አይዞርም፦ «ጸጥ ያለ ሰፈር ቤት ግዙ» ለሚለው ምክር የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ቤት ለመግዛት ለሚያስቡ ሰዎች የተጻፈ አንድ ምክር አነበብኩ። ብዙ ሰው እየተቀባበለው ስለሆነ ምናልባት እናንተም ጋ ደርሶ ይሆናል። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ ከተማ ውስጥ ቤት የሚገዛ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ጸጥ ያለ የመኖሪያ ሰፈር ይፈልግ። ጸጥታው የማይጠፋ ሀብት ነው። በዕረፍት ቀን ጠዋት አንዴ ሄዶ ማየት ይበቃል። እንዲህ ያለ ሰፈር ከሌባ የተጠበቀ ነው፤ ልጅ ለማሳደግም ይመቻል። ከሥራ ቦታ ቢርቅም ርቀቱ ይለመዳል። ዋጋው አይወርድም። ኪራይ መክፈል ገንዘብ መበተን ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ቤት የተገኘ ዕለት ሳያቅማሙ መፈረም ነው።

ጸሐፊው ለሰው አስበው እንደጻፉት ከአነጋገራቸው ያስታውቃል። ጸጥታ የቅንጦት ነገር አይደለም ማለታቸውም ልክ ነው። ሌሊት እንቅልፍ እያጣ ሥራ የሚገባ ሰው ይህን ያውቀዋል። እኔም ጸጥ ያለ ሰፈር ፈልጎ መግዛትን አልቃወምም። ግን ምክራቸው ላይ አንድ ትልቅ ክፍተት አለ። ጉዳዩ ለብዙ ዓመት የሚከፈል ዕዳ ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልፈለግሁም።

ቤት ስትገዙ በስማችሁ የሚዞረው ቤቱና መሬቱ ነው። ጸጥታው በስማችሁ አይዞርም። እሱ ያለው በጎረቤት እጅ፣ በመንገዱና በከተማው ፕላን ውስጥ ነው። ጸሐፊው ግን ከቤቱ ጋር አብሮ እንደሚሸጥ ነገር ቆጥረውታል። አብዛኛው ስህተት የሚመነጨው ከዚህ ነው። ነጥብ በነጥብ ልሂድበት።

«ጸጥታው አይጠፋም»

ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ይሄኛው ነው። ጸሐፊው ማስረጃ ያደረጉት ሰፈሩ ለብዙ ዓመት ጸጥ ብሎ መኖሩን ነው። የኖረው ለሚመጣው ዋስ አይሆንም። እንዲያውም ለረጅም ጊዜ ጸጥ ብሎ የኖረ፣ ግቢው ሰፋፊ፣ ቤቱ ዝቅተኛ የሆነ ሰፈር ከተማ ሲያድግ ገንቢዎች ቀድመው ዓይናቸውን የሚጥሉበት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከአሮጌው ቤት ይልቅ መሬቱ ሲወደድ ቤቱ ይፈርሳል። በቦታው ፎቅ ይቆማል።

አንድ ወዳጄ ሊገዛው ያሰበውን ቤት አብረን ልናይ ሄደን ነበር። ቤቱ ያምራል። መንገዱ ላይ ከወፍ ድምፅ በስተቀር የሚሰማ የለም። ከመኝታ ቤቱ መስኮት ሲታይ፣ ከአጥሩ ማዶ ሣር የበቀለበት ባዶ ቦታ አለ። ደላላው «አየር እንደ ልብ ነው፤ የሚጋርዳችሁ የለም» አለን። ወጥተን በአጥሩ ዙሪያ ሄድን። በሣሩ መሃል፣ በአራቱ ማዕዘን ችካል ተተክሏል። ጫፋቸው ቀይ ቀለም የተቀባ ነው፤ ቀለሙ በፀሐይ ገርጥቷል። ከአንዱ ችካል ላይ የተበጠሰ ሲባጎ ተንጠልጥሏል። ጥጉ ላይ አረም የበቀለበት የአሸዋ ክምር ነበር። ቦታው ተለክቶ ያደረ ነው። ወዳጄ በማግስቱ የከተማው ፕላን ክፍል ሄዶ ሲጠይቅ፣ ለባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ የግንባታ ፈቃድ ጥያቄ የቀረበበት ሆኖ ተገኘ።

ያ ማለት መጀመሪያ ቁፋሮ፣ ቀጥሎ የሲሚንቶ ማደባለቂያ፣ ከዚያ ብረት ቆረጣ ነው። ግንባታው ሲያልቅ ደግሞ ከመኝታ ቤቱ ትይዩ የብዙ ቤተሰብ በረንዳ፣ የመኪና ማቆሚያ መግቢያ፣ የውሃ ፓምፕና ጀነሬተር ይመጣል። ሻጩ አልዋሸም። ባየነው ሰዓት ሰፈሩ በእርግጥ ጸጥ ያለ ነበር። ወዳጄም ቤቱን ተወው።

ስለዚህ ጸጥታን የሚፈልግ ሰው ከቤቱ ይልቅ የቤቱን ዙሪያ መመርመር አለበት። የመጀመሪያው ቦታ የከተማው ፕላን ክፍል ነው። መሬቱ የተመደበው ለመኖሪያ ብቻ ነው ወይስ ለመኖሪያና ለንግድ ቅይጥ? በአጠገቡ ባለው ቦታ ላይ እስከ ስንት ፎቅ መሥራት ይፈቀዳል? መንገዱን የማስፋት ዕቅድ አለ ወይ? እነዚህን ጥያቄዎች መጠየቅ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። መልሱን ደላላውም ሻጩም ላያውቀው ይችላል። እንዲያውም ብዙ ሻጭ የአጠገቡ ቦታ ምን እንደተመደበ ሳያውቅ ኖሮ ሳያውቅ ይሸጣል።

የመንገዱን ነገር ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ጫፉ የተዘጋ መንገድ ጸጥ የሚለው አላፊ መኪና ስለሌለው ነው። ጫፉ ተከፍቶ ከሌላ መንገድ ጋር ከተገናኘ ግን የዋናውን መንገድ መጨናነቅ የሚሸሽ ሁሉ በዚያ ያቋርጣል። አሁን ደግሞ የስልክ ካርታ አቋራጩን ለሾፌሩ ሁሉ ስለሚጠቁም ለመታወቅ ዓመት አይፈጅበትም። መንገዱ የተዘጋው በወንዝ ወይም በገደል ከሆነ ሳይነካ መቆየቱ አይቀርም። በቆርቆሮ አጥር ወይም ባልተሠራ ባዶ ቦታ ከሆነ ግን ፕላኑ ላይ ምን እንደተሳለ እዩ።

ጎረቤት ቤቶችንም አንድ በአንድ እዩአቸው። መኖሪያ የነበረ ግቢ መዋዕለ ሕፃናት ይሆናል። እንግዳ ማረፊያ ይሆናል። መጋዘን ወይም የእንጨት ሥራ ቤት ይሆናል። አንዱ ቤት ከተቀየረ ሌላው ለመቀየር ይደፍራል። በመንገዱ ላይ እንዲህ የተቀየሩ ቤቶች መታየት ከጀመሩ የሰፈሩ አቅጣጫ ከወዲሁ ያስታውቃል።

ይህን ሁሉ ስል ገዢው እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ ማለቴ አይደለም። ሻጩ ስለ አጠገቡ ቦታ የሚያውቀውን፣ ከጎረቤት ጋር ያለውን ክርክር፣ በግቢው ውስጥ ሌላ ሰው የማለፍ መብት እንዳለውና እንደሌለው በጽሑፍ እንዲገልጽ መጠየቅ ይቻላል። ሕጉ ከአገር አገር ስለሚለያይ የውል ሥራ የሚያውቅ ጠበቃ ቢያየው ይመረጣል። በቃል የተነገረ «አይዟችሁ፣ እዚህ ምንም አይሠራም» ግን የትም አያደርስም።

«አንዴ ማየት ይበቃል»

በዕረፍት ቀን ጠዋት ሁሉም ሰፈር ጸጥ ይላል። ሰው የሚኖረው ግን በሥራ ቀንም ነው፤ በሌሊትም ነው።

ሌሊቱ በተለይ ራሱን የቻለ ነገር ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ ሳይኖር ሲመሽ መሬት ቶሎ ትቀዘቅዛለች። ከመሬት ከፍ ብሎ ያለው አየር ግን እንደሞቀ ይቆያል። ያኔ ድምፅ ወደ ላይ ሄዶ ከመበተን ይልቅ ወደ መሬት ይታጠፋል። ቀን ጨርሶ የማይሰማ የሩቅ አውራ ጎዳና ወይም የባቡር ሐዲድ ሌሊት ደጃፍ ላይ ያለ የሚመስለው አንድም ለዚህ ነው። ቀን ብቻ ሄዶ ያየ ገዢ ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ጸሐፊው «ትንሽ የመኪና ድምፅ ምንም አይደለም» ብለው አልፈዋል። ትንሽ ማለት ስንት ነው? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ፣ መኝታ ክፍል ውስጥ ሌሊት የማያቋርጥ ድምፅ ከ30 ዴሲቤል እንዳይበልጥ፣ ብቅ ብሎ የሚጠፋ ድምፅ ደግሞ ከ45 እንዳያልፍ መክሯል። እ.ኤ.አ. በ2018 ለአውሮፓ ባወጣው መመሪያም ከቤት ውጭ የሚለካው የመንገድ ድምፅ ሌሊት በአማካይ ከ45 ዴሲቤል በታች እንዲሆን አጥብቆ አሳስቧል።

ዴሲቤል እንደ ኪሎ አይደመርም። 10 ዴሲቤል ሲጨምር የድምፁ ኃይል 10 እጥፍ ይሆናል፤ ለጆሯችን ደግሞ በግምት እጥፍ ሆኖ ይሰማል። በመንገዱ የሚያልፈው መኪና ቁጥር እጥፍ ቢሆን ግን አማካዩ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ገደማ ነው። ይህ ለገዢ ጥሩ ዜና ነው። በቀን ጥቂት መኪና ስለተጨመረ ብቻ ሰፈር አይበላሽም። እንቅልፍ የሚነሣው በአብዛኛው ድንገት የሚመጣው ነው። አንድ ሞተር ሳይክል፣ ታስሮ የሚጮህ ውሻ፣ በየሰዓቱ የሚነሣ ፓምፕ። ሰፈሩ ጸጥ ባለ መጠን ደግሞ ይህ ድምፅ የበለጠ ጎልቶ ይወጣል፤ የሚሸፍነው ሌላ ድምፅ የለምና። ስለዚህ ሰፈሩ ሲያዩት «ጭጭ ያለ» መሆኑ ብቻውን ብዙ አይነግራችሁም። ጭጭታውን የሚሰብረው ምን እንደሆነና ስንት ሰዓት ላይ እንደሚመጣ ነው ማወቅ ያለባችሁ።

ዛፍ ያለበት ሰፈር ድምፅ አይገባውም የሚለውም ትክክል አይደለም። ዛፍ ለዓይንም ለጥላም መልካም ነው፤ ይተከል። ድምፅን 10 ዴሲቤል ለመቀነስ ግን 60 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጥቅጥቅ ያለ ደን ያስፈልጋል። በአጥር ጥግ የተደረደረ አንድ ረድፍ ዛፍ ይህን አይሠራም። ክፍተት የሌለው የግንብ አጥር የድምፁን ምንጭ ከዓይን ከጋረደ ከዛፉ ይሻላል።

ቤት ውስጥ ስትገቡ የመኝታ ቤቱን መስኮት ዝጉና እጃችሁን በፍሬሙ ዙሪያ ቀስ አድርጋችሁ አስኪዱ። ነፋስ ከተሰማችሁ ድምፅም የሚገባው በዚያው ነው። ይህ በጎማ ማሸጊያ ሊስተካከል ይችላል፤ ብዙ ወጪም የለውም። ድርብ መስታወት ደግሞ የንግግርና የመኪና ጎማ ድምፅን ጥሩ አድርጎ ይቀንሳል። የሙዚቃ ባስና የጀነሬተር ጉርምርምታ ግን መስታወቱንም ግድግዳውንም ያልፋል። እንዲህ ያለ ድምፅ ካለ «መስታወት እቀይራለሁ» ብላችሁ ራሳችሁን አታጽናኑ።

ቤቱ አፓርታማ ከሆነ የሰፈሩ ጸጥታ ግማሹ ጉዳይ ብቻ ነው። ከላይ ያለው ቤት ወለል፣ የሚጎተት ወንበር፣ የአሳንሰሩ ሞተር፣ በግድግዳው ውስጥ የሚወርድ የፍሳሽ ቱቦ፣ እነዚህን ሁሉ ጸሐፊው አላነሡም። በጣም ጸጥ ባለ ሰፈር በጣም የሚረብሽ አፓርታማ አለ።

«ጸጥ ያለ ሰፈር ከሌባ የተጠበቀ ነው»

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ተደባልቋል። ድምፅ የሌለበት ሰፈር አለ፤ ሰው የሌለበት ሰፈርም አለ። ከውጭ ለሚያይ ይመሳሰላሉ።

ስለ ከተማ ኑሮ የጻፈችው ጄን ጄኮብስ እ.ኤ.አ. በ1961 ባቀረበችው ክርክር መንገድን የሚጠብቀው ፖሊስ ብቻ አይደለም ብላለች። ከመስኮት፣ ከሱቅ ደጃፍ፣ ከእግረኛ መንገድ የሚያየው ዓይን ነው። አርክቴክቱ ኦስካር ኒውማን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1972 ትኩረቱን ሌላ ቦታ ላይ አደረገ። ነዋሪው የኔ ብሎ የሚቆጣጠረው፣ እንግዳ ሰው ሲገባ ቶሎ የሚለይበት አካባቢ ይሻላል አለ። አንዷ የሰውን መብዛት፣ ሌላው የነዋሪውን ባለቤትነት አጠናከሩ። ሁለቱም የሚገናኙበት ነጥብ ግን አለ፦ አይቶ «ምን ፈለግህ?» የሚል ሰው መኖር አለበት።

ጸጥ ያሉ ሰፈሮች የሚለያዩት በዚህ ነው። ሌባ የሚመርጠው ባዶ ቤት ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ሁሉም ሥራ የሚውልበት፣ ግንቡ ከፍ ብሎ ወደ መንገድ የሚያይ መስኮት የሌለበት፣ ጎረቤት ከጎረቤት የማይተዋወቅበት መንገድ ለእሱ ይመቸዋል። ረጅሙ ግንብ ዘሎ የገባውንም ከአላፊው ዓይን ይደብቅለታል። በአንጻሩ ጡረታ የወጡ ሰዎች ደጃፋቸው ላይ የሚቀመጡበት፣ ጥጉ ላይ አንዲት ትንሽ ሱቅ ያለችበት መንገድ ጸጥታውን ሳያጣ ይጠበቃል። ጸሐፊው «ሱቅ የሌለበት ምረጡ» ሲሉ እኔ «አንዲት ሱቅ ያለችበትን ፈልጉ» የምለው ለዚህ ነው።

ሩቅ ካለ ዘመድ ቅርብ ያለ ጎረቤት ይሻላል የምንለውም ያለ ምክንያት አይደለም። ከመግዛታችሁ በፊት የግራና የቀኙን በር አንኳኩ። ቤቱን ለመግዛት እንዳሰባችሁ ንገሯቸው። ሰላምታውን የሚቀበሉበት መንገድ ብቻ ብዙ ይናገራል። ስለ ውሃው፣ ስለ ሌሊቱ፣ ስለ ቀድሞው ባለቤትም ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

«ለልጆች ይመቻል»

በዚህ እስማማለሁ። እንዲያውም ጸሐፊው ካሉት በላይ የሚደግፋቸው አለ። ዶናልድ አፕልያርድ የተባለ የከተማ ንድፍ ተመራማሪ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የሚቀራረቡ ሦስት መንገዶችን አጥንቶ ነበር፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1972 ታተመ። በአንደኛው መንገድ በቀን 2,000 ያህል መኪና ያልፋል፣ በሁለተኛው 8,000፣ በሦስተኛው 16,000። መኪና ባነሰበት መንገድ የሚኖር ሰው እዚያው መንገድ ላይ በአማካይ 3 ወዳጅ ነበረው። መኪና በበዛበት መንገድ አማካዩ አንድ እንኳ አልሞላም። ልጅ ጓደኛ የሚያገኘው፣ ወላጅም የጎረቤቱን ልጅ በስሙ የሚጠራው እንዲህ ባለ መንገድ ነው።

ግን «ልጆች መንገድ ላይ እንደ ልብ ይጫወታሉ» የሚለው ምክር ያስፈራኛል። ሰፊ፣ ቀጥ ያለ፣ ጭር ያለ መንገድ ሾፌርን ያስፈጥናል። መኪናው በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሚያልፍ ልጁም አይጠብቀውም። በዓለም ጤና ድርጅት ስሌት የመኪኖች አማካይ ፍጥነት 1 በመቶ ሲጨምር ሰው የሚሞትበት አደጋ የመድረስ ዕድሉ 4 በመቶ ይጨምራል። ስለዚህ መኪናውን ከመቁጠር ጋር ፍጥነቱን እዩ። መንገዱ ጠባብ ነው ወይ? ጉብታ አለው ወይ? የእግረኛ መንገዱ በቆመ መኪና ተይዟል ወይ?

ሌላም አለ። ልጅ ያድጋል። የ5 ዓመት ልጅ ግቢ ውስጥ ሲሮጥ ይውላል። የ14 ዓመቱ ግን ቤተ መጻሕፍት፣ ሜዳ፣ ጓደኛ ቤት መሄድ ይፈልጋል። በእግሩ ወይም በሕዝብ ትራንስፖርት ብቻውን የሚደርስበት ነገር ከሌለ ወላጆቹ ለዓመታት የእሱ ሾፌር ይሆናሉ። እሱም ነፃነቱን ያጣል።

«ርቀቱ ይለመዳል»

አይለመድም። አሎይስ ስቱትዘርና ብሩኖ ፍራይ የተባሉ የስዊዘርላንድ ኢኮኖሚስቶች ጀርመን ውስጥ ለዓመታት የተሰበሰበ መረጃ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2008 ጥናት አሳትመዋል። በንድፈ ሐሳቡ ከሆነ ሰው ረጅም መንገድ የሚመላለሰው በተሻለ ደመወዝ ወይም በተሻለ ቤት ስለሚካስ ነው። ስለዚህ እርካታው ከሌላው ማነስ አልነበረበትም። ያገኙት ግን ሌላ ነው። ረጅም የሚመላለሱት ሰዎች በሕይወታቸው ያላቸው እርካታ ዝቅ ያለ ነበር። ሰፊው ግቢና ጸጥታው የመንገዱን ድካም አልካሰላቸውም።

በሰዓት እናስበው። ለመሄጃ ግማሽ ሰዓት፣ ለመመለሻ ግማሽ ሰዓት ተጨማሪ ከሆነ በቀን አንድ ሰዓት ነው። በዓመት 220 የሥራ ቀን ቢኖር 220 ሰዓት ይሆናል። ይህ በቀን 8 ሰዓት ለሚሠራ ሰው ከ27 የሥራ ቀን በላይ ነው። ጸጥ ያለውን ቤት የምታዩት በጨለማ ገብታችሁ በጨለማ ስትወጡ ከሆነ፣ ለጸጥታው የከፈላችሁት እናንተ ሆናችሁ የሚያጣጥመው ሌላ ነው።

ርቀቱን በካርታ ኪሎ ሜትር አትለኩት። በሥራ ቀን፣ በሥራ ሰዓት፣ በምትጠቀሙበት መጓጓዣ ሄዳችሁ ተመለሱ። ባልና ሚስት የምትሠሩ ከሆነ ሁለታችሁም ሞክሩት። አንዱ በ20 ደቂቃ ሲደርስ ሌላው ሁለት ሰዓት የሚፈጅበት ቤት ቤተሰብ ውስጥ ቅሬታ ያስገባል።

«ዋጋው አይወርድም»

ይወርዳል። ጃፓን ውስጥ የከተማ መሬት ዋጋ እ.ኤ.አ. በ1991 ገደማ ጣሪያ ከነካ በኋላ ከአሥር ዓመት በላይ ሲያሽቆለቁል ኖሯል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2012 ባለው ጊዜ የቤት ዋጋ በአገር ደረጃ ከሩብ በላይ ወርዷል። ከወረደባቸው መካከል ጸጥ ያሉ የመኖሪያ ሰፈሮች በብዛት ነበሩ። ዋጋው ሲወርድ በአነስተኛ ቅድመ ክፍያ የገዛ ሰው ዕዳው ከቤቱ ዋጋ ይበልጥበታል፤ ቤቱን ሸጦ እንኳ ከዕዳው አይወጣም። በጸጥታው ምክንያት ተጨማሪ ዋጋ ከፍላችሁ ከሆነ ደግሞ ጸጥታው ሲሄድ ያ ተጨማሪ ዋጋ አብሮት ይሄዳል።

«ኪራይ የተበተነ ገንዘብ ነው»

ይህ አባባል ብዙ ሰው ያለ አቅሙ ዕዳ ውስጥ እንዲገባ አድርጓል። እስቲ በቁጥር እንየው።

ብድሩን 100 ብለን እንውሰድ። ወለዱ በዓመት 6 በመቶ፣ መክፈያው 30 ዓመት ይሁን። ወርሃዊ ክፍያው 0.60 ገደማ ይመጣል። በመጀመሪያው ወር ከዚህ ውስጥ 0.50 የሚሆነው ወለድ ነው። ዕዳውን የሚቀንሰው 0.10 ብቻ ነው። 5 ዓመት ሙሉ ሳታስታጉሉ ስትከፍሉ በድምሩ 36 ያህል ትከፍላላችሁ፤ ቀሪ ዕዳችሁ ግን ገና 93 ነው። 30 ዓመቱ ሲያልቅ የከፈላችሁት 216 ገደማ ይሆናል። መክፈያውን ወደ 20 ዓመት ብታሳጥሩት ወርሃዊው ወደ 0.72 ከፍ ይላል፤ ጠቅላላው ግን 172 ላይ ይቆማል።

ወለዱ ተመልሶ አይመጣም። የቤት ግብሩም፣ ኢንሹራንሱም፣ ጥገናውም እንደዚያው። ለጥገና በየዓመቱ የቤቱን ዋጋ 1 በመቶ ያህል መያዝ የተለመደ ግምት ነው፤ ቤቱ አሮጌ ከሆነ ይበልጣል። ኪራይን ከዚህ ሁሉ ድምር ጋር አስተያዩት እንጂ ከባዶ ጋር አታስተያዩት። በጥቂት ዓመት ውስጥ ሥራ ወይም ከተማ ልትቀይሩ የምትችሉ ከሆነ፣ የግዢውና የሽያጩ ወጪ ተደምሮ ኪራዩ ሊሻል ይችላል። ብዙ ዓመት የምትቆዩ ከሆነና ክፍያው የማያስጨንቃችሁ ከሆነ መግዛቱ ጥሩ ነው። ውሳኔው የሚወሰነው በምትቆዩበት ዘመንና በወለዱ ነው።

እንዲያውም ጸሐፊው የናቁት ኪራይ ለጸጥታ ፈላጊ ትልቅ መሣሪያ ነው። የሚቻል ከሆነ በዚያው ሰፈር ጥቂት ወራት ተከራዩ። የትኛው መንገድ ሌሊት እንደሚረበሽ፣ የትኛው ግቢ ሊፈርስ እንደሆነ፣ ውሃ የሚጠፋው መቼ እንደሆነ ኖራችሁ ታውቁታላችሁ። የሚሸጥ ቤት መኖሩንም ደላላ ሳይሰማ በፊት የሚሰማው የሰፈሩ ሰው ነው።

«ሳያቅማሙ መፈረም»

እንዲህ ያለ ቤት ቶሎ ይወሰዳል ማለታቸው እውነት ነው። ግን በጥድፊያ የሚታለፈው ነገር ከላይ የዘረዘርኩት ሁሉ ነው፤ የፕላን ክፍሉ፣ ሌሊቱ፣ ጎረቤቱ፣ የመንገዱ ሰዓት። እነዚህን ለመጨረስ አንድ ሳምንት ይበቃል። ቀብድ መክፈል የግድ ከሆነም የምርመራው ውጤት ካላስደሰታችሁ ገንዘቡ እንደሚመለስ በጽሑፍ ይግባ። ይህን የማይቀበል ሻጭ ምክንያቱን ይንገራችሁ።

በሳምንቱ ውስጥ አንድ ምሽት አስፈቅዳችሁ ወደ ቤቱ ተመለሱ። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ቢሆን ይመረጣል። መኝታ ቤቱ ውስጥ መስኮቱን ከፍታችሁ ግማሽ ሰዓት፣ ዘግታችሁ ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ። ስልካችሁን አጥፉት፤ አታውሩ። የሰማችሁትን ድምፅ ሁሉ ከየት እንደመጣና ስንት ሰዓት እንደነበር በወረቀት ላይ ጻፉ። ስትወጡ የሰፈሩን ጥበቃ ወይም ባለ ሱቁን ስለ እያንዳንዱ ድምፅ ጠይቁ፤ ሁልጊዜ ነው ወይስ ዛሬ ብቻ?

ሻጩ ይህን ከፈቀደና ወረቀታችሁ ላይ የሰፈረው የምትችሉት ከሆነ በዋጋው ተደራደሩ። አልፈቅድም ካለ፣ ወይም ሌላ ገዢ ቀድሟችሁ ከፈረመ፣ ገንዘባችሁ እጃችሁ ላይ ነው። በዚያው ሳምንት ሌላ ቤት ለማየት ቀጠሮ ያዙ።